ልጆች ደስ ብሏቸው ስለሚያነቡት ልብ ወለድ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባለው፥ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍም ለዐዋቂ ሰው አይበቃም የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ይገኛል። ሌሎች ደግሞ መጽሐፉን ባይንቁትም፥ ዋጋውን የሚመዝኑት በያዘው ምክር ብዛት ብቻ ነው፤ ልጁ ታሪኩን አንብቦ ሲጨርስ «ምን ተማርክ?» ይሉታል እንጂ «ደስ አለህን?» ብለው አይጠይቁትም። የሁለቱ ወገኖች አሳብ የተለያየ ቢመስልም ስሕተቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም በንባብ የሚገኘውን ደስታ እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥሩታል። ነገር ግን ልጁን ከታሪኩ ውስጥ አስገብቶ በገዛ ራሱ አእምሮ እንዲመዝንና እንዲፈርድ የሚያደርገው ይኸው ደስታ ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን፥ የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የጻፈው «ትሬዠር አይላንድ» ነው፤ ትርጓሜውም ሀብት ያለባት ደሴት ማለት ነው። ደራሲው በ1881 እ.ኤ.አ. ብሬመር በተባለች የስኮትላንድ መንደር ከቤተ ሰቡ ጋራ ሳለ፥ ዝናቡ አላስወጣ ቢለው ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ኦስቦርን ጋራ ሥዕል እየሳለ ይጫወት ነበር። ከሥዕሎቹም አንዱ የአንዲት ደሴት ካርታ ነበረ፤ ታሪኩም ከዚያ ካርታ ተወለደ። ስቲቨንሰን ጧት የጻፈውን ምዕራፍ ከምሳ በኋላ ለቤተ ሰቡ ያነብላቸው ነበር። የባሕር መብራት ማማዎች መሐንዲስ የነበሩት አባቱም እንደ ልጅ ተመስጠው ያዳምጡ ነበር፤ እንዲያውም በአንድ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ ምን ምን ዕቃ እንደሚገኝ ዝርዝሩን ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ታሪኩ በመጀመሪያ በወጣቶች መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ ኋላም በ1883 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። እንግዲህ መጽሐፉ ገና ሲጻፍ ጀምሮ የልጅም የሽማግሌም ደስታ ነበረ።

ተራኪው ጂም ሆኪንስ የሚባል፥ ወላጆቹ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያላቸው ልጅ ነው። የተቀበረውን ሀብት ለመፈለግ በተጓዘባት መርከብ ላይ፥ ሎንግ ጆን ሲልቨር የሚባል አንድ እግሩ የተቈረጠ ወጥ ቤት አለ። ሲልቨር ጨዋታ ዐዋቂ፥ ንጹሕና ትጉህ፥ ለጂምም ደግ ስለ ሆነ፥ ጂም ይወደዋል፤ አንባቢውም አብሮ ይወደዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጂም የፖም ፍሬ ለማውጣት ከበርሜል ውስጥ ገብቶ ሳለ፥ ይኸው ሰው ስለ ዐመፅና ስለ ግድያ ሲመክር ይሰማል። ከሁሉ ይልቅ የልጁን ልብ የሚያቈስለው፥ ሲልቨር ለጂም ይነግረው የነበረውን የሙገሳ ቃል ለሌላ ወጣት መርከበኛ አንድም ሳይለውጥ ሲደግመው መስማቱ ነው። ስለ ሽንገላ የተጻፈ ረዥም ተግሣጽ ይህን አንድ ቅጽበት አያህልም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሲልቨር በደሴቲቱ ላይ አልተባበርህም ያለውን ሐቀኛ መርከበኛ ይገድላል፤ ኋላ ደግሞ ወንበዴዎቹ ጂምን ሊገድሉት ሲነሡ በመካከል ቆሞ ያድነዋል። ያዳነው ስለ ወደደው ነው ወይስ ለገዛ ነፍሱ ዋስትና ፈልጎ? ደራሲው የሁለቱንም ምልክት ይሰጠናል፥ ፍርዱን ግን አይሰጠንም። በመጨረሻም ሲልቨር ሳይቀጣ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ያመልጣል። ልጁ አንባቢ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ከራሱ ጋራ የሚሟገተው ስለዚህ ነው።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም አልልም። በመካከሉ ሦስት ምዕራፎችን ጂም ትቶ ሐኪሙ ስለሚተርክ፥ ጀማሪ አንባቢ ግራ ይጋባል። ከጂም እናት በቀር ሴት የለችበትም ማለት ይቻላል፤ ይህም ለልጃገረዶች አንባቢዎች ቅር የሚያሰኝ ጕድለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ተረታችን ምክርን በጨዋታ የማቅረብ የቈየ ልማድ አለው። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ተረትን በግጥም አቀነባብረው ያቀረቡት ትምህርት በብዙ ትውልድ ተማሪዎች ተነቧል፤ ተማሪውም በቃሉ የያዘው የቤቱ አመታትና የእንስሳቱ ንግግር ስላስደሰተው ነው። ምክሩ ከውበቱ ጋራ አብሮ ገባ። ያንን ፈለግ ተከተልን የሚሉ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ውበቱን ትተው ምክሩን ብቻ ይይዛሉ፤ ክፉው ከመጀመሪያው ገጽ ክፉ፥ ደጉም እስከ መጨረሻው ደግ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ያነበበ ልጅ፥ ነገ በሥራ ቦታና በገበያ ፈገግ ብሎ የሚቀርበውን ሸንጋይ በምን ይለየዋል?

ስለዚህ ለልጆች የሚጽፍ ደራሲ የልጁን አስተዋይነት ይመን። መምህራንም ከንባብ በኋላ የታሪኩን ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ ከማለታቸው በፊት፥ «ከሰዎቹ ማንን ወደዳችሁ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ወላጅም ልጁ የሚያነበውን መጽሐፍ አንድ ማታ ተቀብሎ ለራሱ ያንብበው፤ የስቲቨንሰን አባት በስተርጅና ያላፈሩበትን ደስታ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።