የዐባይ ተፋሰስ ዕቅድና የደጋው ገበሬ፤ ከሞጣና ከቢቸና አንጻር የቀረበ ሒስ

ስለ አንድ ወንዝ የሚጻፍ ዕቅድ አስቀድሞ የሚገልጸው የጸሐፊውን መቆሚያ ስፍራ ነው። ከግድቡ ሥር ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት መሐንዲስ የሚያየው የውሃውን መጠንና የደለሉን ብዛት ነው፤ ከጮቄ ተራራ ትከሻ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ገበሬ ግን የሚያየው የርስቱን ድንበር፥ የከብቱን ግጦሽና የገበያውን መንገድ ነው። ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ ስለ ዐባይ ተፋሰስ የወጡት ታላላቅ ዕቅዶች በብዛት የተጻፉት ከመጀመሪያው መቆሚያ ነው። ይህ ምርጫ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳስቀረ ለመመርመር ከሞጣና ከቢቸና አገር የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

የእነዚህ ዕቅዶች መሠረት የአሜሪካ የሪክላሜሽን ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት መሠረት አጥንቶ በ1956 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1964) ያወጣው ዘገባ ነው። የዘገባው ርእስ የዐባይ ተፋሰስን የመሬትና የውሃ ሀብት የሚመለከት ሲሆን፥ ከዋናው ጥራዝ ጋራ ብዙ አባሪዎች አሉት። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፥ ማቢል፥ መንዳያና ወሰን የተባሉ አራት የግድብ ስፍራዎችን ለይቶ አመለከተ። ዘገባው የሚገባውን ምስጋና ሊነፈግ አይገባም፤ ከእርሱ በፊት የተፋሰሱን አፈርና ውሃ በዚህ ስፋት የመረመረ ሥራ አልነበረምና። ስለ እርሻም ይናገራል። ነገር ግን የሒሳቡ መለኪያ የሥራ ፕሮጀክት ነው፤ ሰው በዘገባው የሚገባው ፕሮጀክቱ እስከ ነካው ድረስ ብቻ ነው።

የአገሩን አቀማመጥ ለሚያውቅ የዚህ ጉድለት ምክንያት ግልጽ ነው። ጮቄ ወደ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን፥ ዐባይ ከሰሜን፥ ከምሥራቅና ከደቡብ ይከበዋል። ሞጣ በሰሜን በኩል፥ ቢቸና በምሥራቅ በኩል በተራራው ተዳፋት ላይ ይገኛሉ። ሙጋና ሱሃን የመሰሉ ወንዞች ከጮቄ ወርደው ነጭ ጤፍ የሚያበቅለውን ደጋ አቋርጠው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው የዐባይ ሸለቆ ይገባሉ። ሕዝቡ የሚኖረው በደጋው ነው፤ ለግድብ የሚመረጠው ስፍራ ግን ያለው ከገደሉ በታች ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ተነሥቶ የተጻፈ ዕቅድ ደጋውን የውሃና የደለል ምንጭ አድርጎ ከመቍጠር የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው።

ከዚህ አመለካከት የተነሣ የተዘነጋው የመጀመሪያ ነገር የኅብረት ልማድ ነው። ዐባይ በካርታ ላይ ጎጃምን ከበጌምድር፥ ከወሎና ከሸዋ የሚለይ ድንበር ነው፤ በኑሮ ግን የሚያገናኝ ገበያና ጋብቻ አለ። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተቈርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ተሻጋሪው የሚሻገረው በሁለቱ ወገን የቆሙ ሰዎች በሚስቡት ገመድ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሕዝቡ ጋራ ሆኖ ስባሪውን በብረት ጠገነው፤ በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካ። ለገመዱ ሥራ በወዲያኛው ዳር እኩል የሚስብ ሰው ማስፈለጉ የማይካድ ነው። እንዲህ ያለው ልማድ በመንግሥታት መካከል ስለሚደረግ ኅብረት የሚጽፉ ሰዎች ሊመረምሩት የሚገባ ነበር፤ ሆኖም የትራንስፖርት ችግር ተብሎ ታለፈ።

ሁለተኛው የተዘነጋ ነገር የመሬት ሥርዓት ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚው አባት የሚወረድ መብት ስለ ነበረ፥ የአንድ ሰው ድርሻ የሚታወቀው በዘር ቈጠራና በሽማግሌ ክርክር እንጂ በመሬት ልክ አልነበረም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በደጋ ዳሞት ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሥርዓት በሰፊው አስረድቷል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ገማቾችን ወደ ገበሬው ማሳ በላከ ጊዜ፥ ገበሬው ግምቱን የቀላድ መግቢያና የርስት መንጠቂያ አድርጎ ተረዳው። ሞጣና ቢቸና አውራጃዎች በመሣሪያ ከተነሡት መካከል ዋነኞቹ ነበሩ። መንግሥት ጦር ቢልክም አዋጁን በጎጃም በሥራ ላይ ሊያውል አልቻለም፤ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴም ከሥፍራቸው ተነሡ።

ይህ ዐመፅ የሆነው የአሜሪካው ዘገባ በወጣ በአራተኛው ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን የሆኑ ሲሆኑ፥ ስለ ተፋሰሱ ልማት በሚጻፉት ጽሑፎች ጐን ለጐን ተነሥተው መታየታቸው እምብዛም ነው። ከዐመፁ የሚገኘው ትምህርት ገበሬው ልኬትን በባሕርዩ ይጠላል የሚል አይደለም። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆኖ ርስት ከቀረ በኋላ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መስጠት በተጀመረ ጊዜ፥ ገበሬው ማሳውን እያሳየ አስመዝግቧል። ልዩነቱ ያለው በልኬቱ ፍሬ ነው፤ የመጀመሪያው ሊያስከፍለው፥ የኋለኛው ይዞታውን በጽሑፍ ሊያጸናለት የመጣ ነበርና።

ወደ መንግሥታቱ ስምምነቶች ስንመለስ ያው የመቆሚያ ስፍራ ነገር ይደገማል። የግንቦት 1894ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል የተናገረው የውሃውን ፍሰት ስለ አለማቋረጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. (በ1959 እ.ኤ.አ.) ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ለግብፅ 55.5፥ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ተካፈሉ። በየካቲት 1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ኢኒሺየቲቭ የጋራ ጥቅምን ዓላማ አድርጎ ተነሣ፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. በእንቴቤ ለፊርማ የቀረበው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትም ግብፅና ሱዳን ሳይፈርሙበት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኀይል ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚህ የኋለኞቹ ለኢትዮጵያ ታላላቅ ድሎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የክርክሩ ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ ሜትር ኩብ ነው።

ድንበር የሚሻገረው ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ አፈርም ይሻገራል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የሱዳን የሮሰይረስ ግድብ ከደጋው በወረደ ደለል የይዞታውን ጉልህ ክፍል አጥቷል። የሕዳሴው ግድብም ዕድሜ በዚሁ አፈር ላይ የተመረኰዘ ነው። ደለሉን በምንጩ የሚይዘው ደግሞ በበጋ ወራት በዘመቻ ወጥቶ ያለ ክፍያ እርከን የሚሠራው የደጋ ገበሬ ነው። የእርሱ እርከን የራሱን ማሳ እንደሚጠብቅ አይካድም፤ ነገር ግን እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፥ ጉልበቱንም ይፈጃል፤ የትርፉም ታላቅ ክፍል የሚታየው በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት በግድብ አፍ ላይ ነው። ሦስት መንግሥታት የሚጠቀሙበትን ሥራ የሚሠራ ሰው በአንዳቸውም ስምምነት ውስጥ ባለ ድርሻ ሆኖ አልተጻፈም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የመንግሥታት ውል በሉዓላዊ መንግሥታት መካከል የሚደረግ ስለ ሆነ፥ የአንድ ወረዳ ገበሬ በውሉ ሊጠቀስ አይችልም ይባላል። ተቃውሞው በሕግ ረገድ ትክክል ነው፤ በዕቅድ ረገድ ግን አያስኬድም። ውሉ ገበሬውን በስሙ ባይጠራውም፥ ከኤሌክትሪክ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ከፊሉ ለላይኛው ተፋሰስ እንዲመለስ መደንገግ የአገር ውስጥ ሕግ ሥልጣን ነው። የታችኞቹ አገሮችም ለደለል ጥበቃ ድርሻ እንዲከፍሉ መጠየቅ፥ ስለ ሜትር ኩብ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ ለመስማማት የቀለለ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ደለል ሲቀንስ የሚከስር ባለ ግድብ የለምና።

የዚህ ጥናት ፍሬ ለኢትኖሎጂም የሚናገረው አለው። ስለ ርስት፥ ስለ ደቦ፥ ስለ ወንፈል፥ ስለ ማኅበርና ስለ ሽማግሌ ዳኝነት የተሰበሰበው ዕውቀት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከመሐንዲሱ ካርታ ጋራ ተገናኝቶ አልታየም። እርከኑ ማንኛውን ማሳ አቋርጦ እንደሚያልፍ፥ ግጦሹ ሲዘጋ ከብቱ ወዴት እንደሚሄድ፥ ጕልበቱ በምን ተራ እንደሚወጣ የሚወሰነው በእነዚህ ልማዶች ነው። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያልተስማማበትን ሥራ ከማሳው ማስቀረት እንደሚችል በ1960 ዓ.ም. አሳይቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚወጣ የተፋሰስ ዕቅድ በሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን ይገባል፤ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ትርፉ የሚደርሰውስ ለማን ነው? ለሦስቱ ጥያቄዎች የማይመልስ ዕቅድ፥ የውሃው ሒሳብ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፥ ከጮቄ ተዳፋት ላይ ሊጸና አይችልም።