የኮራል ገንዳ ጠባቂ በአልጌ ይፈተናል

መስታወቱ የሚያንጸባርቅ የኮራል ገንዳ ሁሉ በጥሩ እጅ የተያዘ አይደለም። መስታወት መወልወል የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ማንም ያደርገዋል። የጨው ውኃ ገንዳን በቅጡ የሚመረምር ሰው ዓይኑን ከፊተኛው መስታወት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያሳርፋል፦ ውኃው ወደ ማጣሪያው በሚወርድበት ክፍተት፣ በፓምፖቹ ጀርባ፣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ፣ አሸዋው መስታወቱን በሚነካበት ጠርዝ። የጠባቂው ልማድ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሌላም አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ምንም አልጌ የሌለበት የኮራል ገንዳ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ኮራል እንስሳ ነው፤ ነገር ግን በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠልሎ፣ እነሱ በብርሃን ከሚሠሩት ምግብ ትልቁን ድርሻ ይቀበላል። ድንጋዩን ሮዝና ወይን ጠጅ አድርጎ የሚለብጠው ኮራላይንም አልጌ ነው፤ ጠባቂዎች እንደ ጤና ምልክት ይወዱታል። ስለዚህ ሥራው የሚመዘነው በማጥፋት አይደለም። የትኛው አልጌ፣ የት፣ ምን ያህል እንደሚኖር የሚወስነው ጠባቂው ነው ወይስ አልጌው ራሱ? ጥያቄው ይህ ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን መለየት

መናኛና ጥሩ ሥራ የሚለያዩት ገና መድኃኒት ሳይነካ ነው። ስንዴና እንክርዳድ በቡቃያነታቸው እንደሚመሳሰሉ ሁሉ፣ በገንዳ ውስጥም የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ፍጥረታት አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ይወጣሉ። «ቡናማ አልጌ ወጣብኝ» ብሎ ወደ ሱቅ የሚሮጥ ሰው ገና ሥራውን አልጀመረም። ቡናማ ሆነው የሚታዩት ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ አንዱን የሚያዳክመው እርምጃ ሌላውን ያበረታዋል።

ከሦስቱ ቀላሉ ዳያተም ነው። አዲስ ገንዳ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውንና መስታወቱን በቡናማ ብናኝ ይሸፍናል፤ ሲነኩት ይበናል። ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ በመሆኑ፣ በውኃው ውስጥ ያለው ሲሊኬት ሲመናመን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከስማል። እዚህ ላይ ጥሩ ባለሙያ የሚለየው ምንም ባለማድረጉ ነው። የሚጨምረው ውኃ በሚገባ የተጣራ መሆኑን፣ በውኃው የሟሟውን ነገር የሚለካው መለኪያም ዜሮ ማንበቡን አረጋግጦ ይጠብቃል። በዳያተም ላይ መድኃኒት ያፈሰሰ ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ይሁን እንጂ ቡናማና ጥቁር አረንጓዴም ይሆናል። አልጌ እየተባለ ቢጠራም ባክቴሪያ ነው፤ መለያው ተያይዞ በአንድነት መገፈፉ ነው። ጫፉን ይዘው ቢስቡት ሰፊ ቁራጭ ሆኖ ይነሣል። የውኃ እንቅስቃሴ በደከመበትና የምግብ ትራፊ በሚከማችበት ጥግ ይወዳል፤ ስለዚህ የተነጠፈበትን ቦታ ያየ ሰው የፓምፖቹን አቀማመጥ ስሕተት አብሮ ያነባል።

ሦስተኛው ብዙ ጠባቂዎችን ገንዳ ያስተዋቸው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ንፍጥ መሰል ቡናማ ክር ሆኖ ከድንጋዩና ከኮራሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ክሩም የአየር አረፋ ያዝላል። ጠዋት ሳሳ ብሎ ማታ፣ መብራቱ ለሰዓታት ከበራ በኋላ፣ ሁሉን ሸፍኖ ይገኛል። ቀንድ አውጣዎች መፍዘዝና መሞት ከጀመሩ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ አንዳንድ ዝርያዎቹ መርዝ ያመነጫሉና። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሚመጣበት ጊዜ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሚነበቡበት፣ ጠባቂው «ውኃዬ እንደ መስታወት ጠራ» ብሎ በሚኩራራበት ወቅት ይነሣል። ተፎካካሪዎቹ በርሃብ ሲዳከሙ ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። ማንነቱን ሳያጣሩ ዓሣዎቹን ማስራብና ፎስፌት መጣጭ መጨመር እንግዲህ ጠላትን መቀለብ ይሆናል። በዚያ ላይ፣ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖረው ጠቃሚ አልጌ ራሱ የዳይኖፍላጀሌት ወገን ነው። ለአንዱ የታሰበ ጠንካራ መርዝ ሌላውን አይነካም ብሎ መማል ድፍረት ነው።

ሦስቱን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው። ናሙናውን ከገንዳው ውኃ ጋር በጠርሙስ ከተው በኃይል ይበጠብጡት፤ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያሳልፉትና የጠራውን ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ብርሃን ሥር ያቆዩት። ተመልሶ ክር ሠርቶ ከተያያዘ ዳይኖፍላጀሌት የመሆኑ ነገር የጠነከረ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ማይክሮስኮፕ ነው። 400 ጊዜ በሚያጎላ ተራ ማይክሮስኮፕ ኦስትሪዮፕሲስ የተባለው ዳይኖፍላጀሌት የጠብታ ቅርጽ ይዞ፣ በሾለ ጫፉ እንደ ታሰረ ሲሽከረከር ይታያል፤ አምፊዲኒየም የተባለው ሌላው ዳይኖፍላጀሌት ሞላላ ሆኖ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ይህ ልዩነት ገንዘብ ያድናል። ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ወደ ውኃው ስለሚወጣ በአልትራቫዮሌት መብራት ውስጥ ሲያልፍ ይመታል፤ አምፊዲኒየም አሸዋውን ስለማይለቅ ውዱ መብራት ለከንቱ ይበራለታል። በማይክሮስኮፕ ሳያይ አልትራቫዮሌት ግዙ የሚል ባለሙያ ሽያጭ እንጂ ሕክምና እየሠራ አይደለም።

በአረንጓዴዎቹም ዘንድ መለየት ያስፈልጋል። ተራው ፀጉር መሰል አልጌ ከውኃ ሲወጣ ቅርጽ አጥቶ ይተኛል፤ ብሪዮፕሲስ ግን ከግንዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ላባ መሰል ቅርንጫፎች አሉት። የመጀመሪያውን ብዙ ዓሣና ቀንድ አውጣ ይግጠዋል፤ ሁለተኛውን አብዛኞቹ አፋቸውንም አያስነኩት። ቫሎንያ ደግሞ አረንጓዴ ኳስ ነው፤ ያ ኳስ በሙሉ አንድ ሕዋስ መሆኑ ከተፈጥሮ ድንቆች ይቆጠራል። በእጅ ሲነቀል እንዳይፈነዳ መጠንቀቅ፣ ከተቻለም የመምጠጫ ቱቦውን አፍ አጠገቡ አድርጎ መልቀም የንጹሕ ሥራ ምልክት ነው።

ቁጥርን ማንበብ

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱ ይፈለጋል። ብዙ ጠባቂዎች ናይትሬትን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ይይዛሉ። ነገር ግን ቁጥር የሚያታልልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ በፀጉር አልጌ የተወረረ ገንዳ ፎስፌቱን ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ የሚገባውን ሁሉ አልጌው ወዲያው ስለሚወስደው መለኪያው የሚያገኘው የለም። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። የገንዳ ድንጋይና አሸዋ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ፎስፌት ሲበዛ ይዘው ያስቀምጣሉ፣ ውኃው ሲጸዳ ደግሞ መልሰው ይለቃሉ። ዛሬ የወረደው ቁጥር በሳምንቱ ተመልሶ ቢወጣ መጣጩ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ድንጋዩ ዕዳውን እየከፈለ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የአንድ ቀን ቁጥር አያሳይዎትም፤ የወራት መዝገብ ዘርግቶ ያሳይዎታል። ቁጥሩንም በአንድ ሌሊት አይጥለውም፤ በብረት ኦክሳይድ ፎስፌትን በድንገት መምጠጥ ኮራሉን ይጎዳዋልና።

ደግሞ ምክንያቱ ሁልጊዜ በውኃው ውስጥ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ይህን በጃማይካ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 በካሪቢያን ባሕር ወረርሽኝ ገብቶ አልጌ የሚግጠውን ረዥም እሾሃም የባሕር ጃርት ከ90 በመቶ በላይ ፈጀው። በጃማይካ ሣር በል ዓሣዎች ቀድሞውኑ በማጥመድ ተመናምነው ነበር፤ በ1980 ያለፈው አለን የተባለው አውሎ ነፋስም ኮራሉን ሰባብሮት ነበር። የሚግጠው ሲጠፋ አልጌው አፈናውን ጀመረ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጃማይካ የኮራል አለቶች ከግማሽ በላይ ይሸፍን የነበረው ሕያው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። እንግዲህ «ፎስፌቱ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ማን ይግጣል?» የሚለው መቀመጥ አለበት።

እጅ፣ አፍ፣ ከዚያ መድኃኒት

የጥሩ ሕክምና ቅደም ተከተል ይታወቃል። መጀመሪያ እጅ ይቀድማል፤ የጥርስ ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ መምጠጫ ቱቦ። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን በእጅ የወጣ አልጌ የበላውን ፎስፌት ይዞ ይወጣል። በመድኃኒት የሞተው እዚያው በስብሶ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ የሚግጡት ይመጣሉ፤ እዚህ ላይ የባለሙያው ሕሊና ይለካል። ቱርቦ ቀንድ አውጣ ለፀጉር አልጌ፣ አረንጓዴው የኤመራልድ ሸርጣን ለቫሎንያ ይመረጣሉ፤ ሸርጣኑ ግን ሁልጊዜ ቃሉን አይጠብቅም። በቀይ ባሕር የሚገኘው ወይን ጠጅ ሰውነትና ቢጫ ጅራት ያለው ዜብራሶማ ዛንቱረም የተባለው ዓሣ አልጌ በመጋጥ ድንቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ ስለሆነ ግን በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ መክተት ጭካኔ ነው። አልጌው ካለቀ በኋላ እነዚህ ፍጥረታት ምን እንደሚበሉ ያላሰበ ሰው አንዱን ችግር በሌላ ተክቷል። ሆዱ ገባ ያለ ዓሣና ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የበዛበት ገንዳ ምንም ቢያበራ ዝቅተኛ ውጤት ይሰጠዋል።

መድኃኒት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሲመጣም ለአንድ ስም ብቻ ይመጣል። ለሰው የፈንገስ በሽታ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ብሪዮፕሲስን በሳምንታት ውስጥ ሲያደርቅ ብዙዎች አይተዋል፤ ጠባቂዎች ዘንድ የተለመደው መጠን በሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሳያኖባክቴሪያን ግን አይነካውም። ለሳያኖ የሚያገለግለው ኤሪትሮማይሲን ፀረ-ባክቴሪያ ነው፤ ገንዳውን የሚያጣሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ሊያሰጋ ይችላል። የሞተው ልባስ ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይሻማል፤ ተጨማሪ አየር ሳያዘጋጅ መድኃኒት የጨመረ ሰው ጠዋት የሞቱ ዓሣዎችን ሊለቅም ይችላል። ለ3 ቀን መብራት ማጥፋትም ሳያኖን ያዳክማል፤ ፓምፑ ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይመጣል። ለዳይኖፍላጀሌት ደግሞ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ይመስላል፦ ናይትሬትና ፎስፌትን በልክ ከፍ ማድረግ፣ ተፎካካሪ ጥቃቅን ሕይወት እንዲመለስ መታገሥ። ጠባቂው ይህን ደፍሮ ካደረገ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ፍርዱ የሚሰጥበት ጊዜ

ሕክምናው በተፈጸመበት ቀን ገንዳን መመዘን ከንቱ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ይዩት። የተለቀቀው ባዶ ድንጋይ በምን ተያዘ? ኮራላይን እየለበጠው ከሆነና የኮራሎቹ እጆች በሚገባ ከተዘረጉ ሥራው ሥር ይዟል። ድንጋዩ ነጭና ራቁቱን ከቀረ ቀጣዩ ወራሪ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ፈተና ደግሞ ከገንዳው ውጭ አለ፤ የተነቀለው አልጌ የት ተጣለ? በሞናኮ የባሕር ሙዚየም አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለ የገንዳ አልጌ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ ተንሰራፋ። ይኸው አልጌ በ2000 በካሊፎርኒያ ካርልስባድ ከተማ አጉዋ ሄድዮንዳ ሐይቅ ሲገኝ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በክሎሪን ተመታ፤ ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው፤ ወጪውም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ግዛቲቱም በ2001 ዘጠኝ የካውለርፓ ዝርያዎችን መያዝና መሸጥ በሕግ ከለከለች። የገንዳውን ቆሻሻ ወደ ወንዝ፣ ወደ ባሕር ወይም ወደ ዝናብ ውኃ መውረጃ የሚደፋ ሰው ገንዳው ምንም ቢያምር ጥሩ ጠባቂ አይባልም። አልጌው ይደርቅ ወይም በበረዶ ቤት ይሙት፤ ከዚያ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል።

ገንዳዎን ለሌላ ሰው እጅ የሚሰጡ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ አልጌ ማን ነው? ለምን መጣ? ከሄደ በኋላ ቦታውን ማን ይይዘዋል? ሦስቱን ሳያመነታ የመለሰ፣ ካላወቀም «ናሙና ወስጄ ልየው» ያለ ባለሙያ ሊታመን ይችላል። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ጠርሙስ የሚያወጣውን ግን በጊዜ ያሰናብቱት።