ዜማ የቻፕሊን፣ ቅንብር የማን?

የአማርኛ ካሴት ሽፋን ለፊልም ሙዚቃ ሂስ የሚበጅ መለኪያ ይዟል። ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ የእያንዳንዱ ድርሻ ለየብቻ ይጻፋል። ሳህሌ ደጋጎ ወይም ግርማ በየነ በአቀናባሪነት ስማቸው ስለተነሳ የድምፃዊው ክብር አልቀነሰም። የጥንቱ ሆሊውድ ግን ሙዚቃውን ጠቅልሎ ለአንድ ስም ማስረከብ ይቀናው ነበር። አድማጩ በኦርኬስትራው ሲመሰጥ በማን ሥራ እንደተመሰጠ አያውቅም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የምትሆነን ከጄኔቭ የሌማንን ሐይቅ ይዞ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬደው ቬቬ ናት። ቻርሊ ቻፕሊን በ1952 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ተመልሶ የመግባት ፈቃዱ ሲሰረዝበት፣ ከቬቬ አጠገብ ኮርሲየ በተባለች መንደር ቤት ገዝቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1977፣ ኖረባት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ለድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞቹ ሙዚቃ ማዘጋጀት ነበር። ኖታ መጻፍ አይችልም፤ ቫዮሊኑንም በግራ እጁ፣ ክሮቹን ገልብጦ ነበር የሚጫወተው። እሱ ያንጎራጉራል፣ ፒያኖ ላይ የተቀመጠው ኤሪክ ጄምስ እየተቀበለ ይጽፋል።

ታዲያ ደራሲው ማን ነው? በ1936ቱ «ሞደርን ታይምስ» ሥራ ላይ አቀናባሪው ዴቪድ ራክሲን ገና ወጣት ሳለ ቻፕሊንን ፊት ለፊት በመከራከሩ ተባርሯል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተጠርቷል። የፊልሙ ሙዚቃ ጥንካሬ ከዚህ ጭቅጭቅ የመጣ ይመስለኛል። ቻፕሊን በግለ ታሪኩ እንዳስረዳው፣ ለቧልቱ አብሮ የሚያሽካካ ሙዚቃ አልፈለገም፤ የፈለገው ከቡቱቷሙ ሰውዬ ጋር የሚቃረን ጨዋና ስስ ዜማ ነበር። በ1954 ግጥም ተጨምሮለት «ስማይል» ተብሎ የታወቀው የዚህ ፊልም የፍቅር ዜማ ለብቻው ቢንጎራጎር ቀላል ነገር ነው። ክብደት የሚሰጡት የክር መሣሪያዎቹ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ በየመስመራቸው ያሰለፈው አቀናባሪ ነው። በአንጻሩ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ማክስ ስታይነር በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» የጎሳ አለቃውን እርምጃ አንድ በአንድ በኦርኬስትራ ይቆጥራል። ችሎታው አያከራክርም፤ ነገር ግን በዓይኔ ያየሁትን መልሶ በጆሮዬ ይነግረኛል። ቻፕሊንም አልፎ አልፎ ውድቀትን በከበሮ ያጅባል፣ ግን ልማዱ አላደረገውም።

የኮርሲየው ቻፕሊን ሌላ ነው። የ1921ዱን «ዘ ኪድ» በ1971 ከሙዚቃ ጋር ሲያወጣ ዕድሜው ከ80 አልፏል፤ የልጁ እናት የምትታይባቸውን አንዳንድ ትዕይንቶችም ቆርጦ አውጥቷል። ሙዚቃው ያምራል፣ ግን ይለሰልሳል፤ ቫዮሊኖቹ ከተመልካቹ እንባ ቀድመው ይደርሳሉ። የራክሲን ዓይነት ተከራካሪ ጎድሎታል እላለሁ።

እዚህ ዙሪክ አካባቢ የምንኖር ደግሞ ሌላውን የፊልም ሙዚቃ ሰው ለዓመታት በኪሳችን ይዘነው ዞረናል፤ በቀድሞው የ20 ፍራንክ ኖት ላይ የነበረው አርቱር ሆኔገር ነው። በዙሪክ ኮንሰርቫቶሪ የተማረው ሆኔገር በ1930ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የሙዚቃ ደራሲው ሚክሎሽ ሮዣ «በምን ትተዳደራለህ?» ብሎ ቢጠይቀው የፊልም ሙዚቃ እንደሚጽፍ ነገረው። ሮዣም ሆኔገር ሙዚቃውን የሠራለትን «ሌ ሚዜራብል» ሄዶ አየ፣ መንገዱም ተገኘ፤ በ1959 የ«ቤን ሁር»ን ሙዚቃ እስከመሥራት ደረሰ። እሱም ቢሆን ለብዙ ሥራዎቹ ኦርኬስትራውን የሚያደራጅለት ዩጂን ዛዶር ነበረው፤ ስታይነርም ሁጎ ፍሪድሆፈር ነበረው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ሄርማን ግን ይህን ሥራ ለሌላ አሳልፎ መስጠትን ይንቅ ነበር፤ የድምፁ ለየት ማለት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በ1973 ለቻፕሊን ፊልም ለ«ላይምላይት» ሙዚቃ የተሰጠው ኦስካር የሦስት ሰዎች ስም ይዟል፤ የቻፕሊን፣ የሬይመንድ ራሽ እና የላሪ ራስል። ፊልሙ ከተሠራ 20 ዓመት አልፎት ነበር። ራሽና ራስል ግን በሕይወት አልነበሩም።