እነዚህን ጥንዚዛዎች እዩልኝ!

የፊልሙ ርዕስ «የካሜራማኑ በቀል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሩሲያ ውስጥ ተሠራ። ድምፅ የለውም፤ 13 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ተዋንያኑ ነፍሳት ናቸው፤ ያውም የሞቱ ነፍሳት! ካየሁት ወዲህ ሥራዬ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዞ «አይተኸዋል? አይተሽዋል?» ማለት ሆኗል።

ታሪኩን ስሙማ። አቶ ጥንዚዛ ለሥራ ጉዳይ ነው ብሎ ከተማ ይወርዳል። ጉዳዩ ግን ጭፈራ ቤት ነው ያለው፤ እዚያ የምትደንስ አንዲት የውኃ ተርብ ልቡን ወስዳዋለች። እሷን የሚከጅል ፌንጣም አለ፤ ጥንዚዛው በጉልበቱ ተመክቶ ይደበድበዋል። የፌንጣውን ሙያ ግን አላወቀም። ፌንጣው ካሜራማን ነው! በብስክሌት ሆቴል ድረስ ይከተላቸውና በቁልፍ ቀዳዳ በኩል ጉዳቸውን አንድ በአንድ ይቀርጻል። ወይዘሮ ጥንዚዛም የዋዛ አይደለችም፤ ባሏ በሌለበት ሠዓሊ ወዳጇን ቤት አስገብታለች። ባል ድንገት ይደርሳል፣ ሠዓሊው በጭስ መውጫው ያመልጣል፣ ቤቱ ይታመሳል። ከዚያ ያ አስመሳይ ባል የራሱን ሸሽጎ «ይቅር ብዬሻለሁ» ይልና ሚስቱን ሲኒማ ይጋብዛታል። ፊልሙን የሚያሳየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፌንጣው! የቀረውን አልናገርም። ጃንጥላ አለበት፣ የሚቀደድ ስክሪን አለበት፣ እሳትም አለበት።

እግሮቻቸውን ተመልከቱልኝ። ፌንጣው ካሜራውን አቁሞ መቅረጽ ሲጀምር ያ ቀጭን እግር የሚንቀሳቀሰው ልክ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ጥንዚዛው ሲናደድ ፊቱ አይለወጥም፤ ፊት የለውማ! ንዴቱ ግን ከአንቴናውና ከትከሻው ይነበባል። ፊታቸውን እንደ ልብ የሚያንቀሳቅሱ ስንት ተዋንያን ይህን ያህል አልነገሩኝም።

ሠሪው ቭላዲስላቭ ስታሬቪች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 ሞስኮ ውስጥ ከፖላንድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዛሬ ሊትዌኒያ በምትባለው አገር በካውናስ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይመራ የነበረ ሰው ነው። ቀንዳም ጥንዚዛዎች ሲዋጉ ሊቀርጽ ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ መብራት ሲበራባቸው ንቅንቅ አልል ይላሉ። በዚህ መሐል ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል ክብሪቶችን እንደ ሰው ያንቀሳቀሰበትን ፊልም ያያል። በቃ! የሞቱትን ጥንዚዛዎች አነሣ፣ እግራቸውን በሽቦ ተካ፣ ሽቦውን በሰም አያያዘ፤ ከዚያ ትንሽ ነቅነቅ፣ አንድ ፎቶ፣ ደግሞ ትንሽ ነቅነቅ፣ አንድ ፎቶ። ለአንዲት ሰከንድ ፊልም ከደርዘን በላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ያስፈልጋል። እስቲ 13 ደቂቃን በዚህ አስሉት! በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሰውየው በሕይወት ያሉ ነፍሳትን አሠልጥኖ ነው ብለው ያመኑ ነበሩ ይባላል። አልፈርድባቸውም። የእኛዎቹ የአዲስ አበባ ሰዎችም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያሉት ያለ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አንዱን ያየ ሰው በአንዱ አያቆምም። ስታሬቪችን ያነቃው ኮል ምን ሌላ ሠራ? ብዬ ስከተል የ1908ቱን «ፋንታስማጎሪ» አገኘሁ፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ አንድ መስመር ሰው ሆኖ፣ ጠርሙሱ አበባ ሆኖ የሚፈስበት የሥዕል ፊልም። ነፍሳቱን ስከተል ደግሞ እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ በ1910 የቀረጻት ዝንብ መጣች። እሷ እውነተኛ ናት፣ በሕይወትም አለች፤ በጀርባዋ ተይዛ በእግሯ ኳስ ታሽከረክራለች! አሜሪካዊው ዊንዘር መኬይ «ወባ ትንኝ እንዴት ትሠራለች» የሚለውን የሣለው ልክ በዚያው በ1912 ነው፤ ባርኔጣ ያደረገች ትንኝ የተኛ ሰው ደም እየመጠጠች ሆዷ ሲነፋ፣ ሲነፋ... የስፔኑ ሴጉንዶ ዴ ቾሞን «ኤሌክትሪክ ሆቴል»ም አለ፤ 1908፤ ሻንጣ ራሱን ያራግፋል፣ ብሩሽ ብቻውን ጫማ ይጠርጋል። ስታሬቪች ራሱ ፈረንሳይ ከተሰደደ በኋላ በ1933 ያወጣውን «ማስኮት» እንዳታልፉት፤ የአሻንጉሊት ውሻው ነው ጀግናው።

ደግሞ እነዚህ ሥራዎች እኛ ዘንድ መድረሳቸው ራሱ ተአምር ነው። የጥንቱ ፊልም የተሠራበት ናይትሬት እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ነገር ነበር። «ጉዞ ወደ ጨረቃ»ን የሠራው ታላቁ ዦርዥ ሜሊየስ በ1923 የፊልሞቹን ኔጋቲቭ በገዛ እጁ አቃጥሏል። የዚያው ፊልም በእጅ ቀለም የተቀባ ቅጂ ከ70 ዓመት በኋላ ባርሴሎና ተገኘ፤ ተጠግኖም በ2011 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። አሜሪካ ደግሞ እስከ 1912 ድረስ የቅጂ መብት ሕጓ ፊልምን አያውቅም ነበርና፣ ባለቤቶቹ ፊልማቸውን እንደ ፎቶግራፍ በወረቀት ጥቅል እያተሙ ያስመዘግቡ ነበር። ፊልሙ ጠፋ፣ ወረቀቱ ቀረ! ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሥራዎች የተረፉት በዚህ መንገድ ነው።

ስትፈልጉ በሠሪው ስምና በዓመቱ ፈልጉ፤ «የድሮ ፊልም» ብላችሁ ብትጀምሩ ገለባው ይበዛባችኋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የአምስተርዳሙ አይ ፊልም ሙዚየም ብዙ ጥንታዊ ሥራዎችን በነፃ በኢንተርኔት ያሳያሉ። ሰዎቹ እንደ እብድ የሚሮጡበት ቅጂ ካጋጠማችሁ ተዉት፤ ፍጥነቱ ተበላሽቶ ነው፣ የተሻለ አይጠፋም። የጀርባው ሙዚቃ ካልጣማችሁም ድምፁን ዝጉና የወደዳችሁትን ክፈቱ፤ እኔ በክራር አይቼው የበለጠ ወድጄዋለሁ።

ቋንቋ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም፣ አንድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ዛሬ ማታ በጥንዚዛዎቹ ጀምሩ፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ያገኛችሁትንና እኔ ያላየሁትን ደግሞ እባካችሁ ጻፉልኝ።