ከቢላዋው በፊት፦ የፓራታይሮይድ ዕጢ መንስኤ ነው ወይስ ምላሽ?

የፓራታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲነሣ ዘወትር ቪየና ትጠቀሳለች። ቀዶ ሐኪሙ ፌሊክስ ማንድል እ.ኤ.አ. በ1925 አጥንቱ ክፉኛ የተጎዳ የትራም ሠራተኛ አንገት ከፍቶ የገዘፈውን ዕጢ አወጣ፤ ሕመምተኛውም ለጥቂት ዓመታት ተሻለው። ይህ እንደ ድል ይተረካል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ዋናው ትምህርት ከዚያ የቀደመው ስሕተት ነው። ማንድል በመጀመሪያ ለዚሁ ሰው ከሟች የተወሰዱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎችን ተክሎለት ነበር፤ የዕጢው መግዘፍ ለአጥንቱ ሕመም ምላሽ እንጂ መንስኤው አይደለም የሚለው አሳብ በዘመኑ ገንኖ ነበርና። ተከላው ምንም አልፈየደም።

ይህ ስሕተት ዛሬም በልጆች ሕክምና ሊደገም ይችላል። ሪኬትስ በሚታይበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ እግሩ የጎበጠና አጥንቱን የሚያመው ልጅ ሲመጣ በቅድሚያ የቫይታሚን ዲ እጥረትን ማሰብ ተገቢ ነው። በሪኬትስ የፓራታይሮይድ ሆርሞን የሚጨምረው በምላሽነት ሲሆን የደም ካልስየም ዝቅተኛ ወይም መደበኛ ይሆናል። ካልስየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ሆርሞኑ ካልቀነሰ ግን ዕጢው ራሱ ሊጠረጠር ይገባል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ካልስየም ሳይለኩ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ መስጠት ኩላሊቱን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ልጅን እንደ ትንሽ አዋቂ በሚመለከተው ልማዳችን ላይ ነው። 3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ ፎስፌት ለአዋቂ መደበኛ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ዝቅተኛ ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የታተመው መመዘኛ የአዋቂ ብቻ ከሆነ ሐኪሙን ያሳስታል።

ቀዶ ሕክምናውም አንድ ወጥ አይደለም። በአፍላ ወጣቶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ አዴኖማ ስለሆነ እርሱን ማውጣት ይፈውሳል። በዘር በሚወረስ ከባድ ሕመም ለተያዘ ጨቅላ ግን አራቱንም ዕጢዎች ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ሽንት ውስጥ ካልስየም የሚያንስበት ቀላሉ የዘር ዓይነት ደግሞ ቢላዋ አያሻውም፤ ይህንንም የልጁን ሽንትና የወላጆቹን ካልስየም በመለካት መጠርጠር ይቻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የተራበው አጥንት ካልስየምን ስለሚስብ፣ መንዘፍዘፍ እንዳይከተል ተከታታይ ልኬት ያስፈልጋል።

ሕመሙ በልጆች ዘንድ ብርቅ ነው ቢባል እውነት ነው። የካልስየም ምርመራ ግን ብርቅ መሆን የለበትም።