መስክ የሌላት የመስክ ጥንቸል

በእኛ በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ፣ አመሻሽ ላይ በገብስ ማሳ ዳር ጥንቸል አየሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ጀርባዋን ነው። ጆሮ ብቅ ይላል፣ ሣሩ ይወዛወዛል፣ ከዚያ የለችም። ሥጋዋ በኦሪቱ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ ከማጀታችን አትገባም፤ ስለዚህ ከሩጫዋና ከተረቷ በቀር በቅጡ አናውቃትም። ጀርመናዊው ሰዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 የሳላት ጥንቸል ግን አትሸሽም። ጆሮዋን አቁማ፣ እግሯን ሰብስባ፣ እስክንጠግባት ድረስ ትታያለች።

ሥራው ትንሽ ነው፤ 25.1 በ22.6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት። ቬና የሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ብርሃን እንዳይጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከዕይታ ሰውሮ ያኖረዋል። ሰዓሊው አስቀድሞ ቡናማ የውሃ ቀለም አቅጥኖ ቀብቷል፤ በላዩም በቀጭን ብሩሽ ጠቆር ያለውንና ነጣ ያለውን ጸጉር ጭረት በጭረት ደራርቧል። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ጸጉሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጋ ተኝቷል፣ ሌላው ጋ ጎፍሯል፣ ጆሮዋ ላይ ሳስቷል። ከግራ የሚገባው ብርሃን ጆሮዋን ነክቶ በገላዋ ላይ ይወርድና ጥላዋን በቀኝ ይጥላል። የዱረር ሥዕላዊ ቋንቋ ልዕልና እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ጭረት የትኛው የአካል ክፍል ላይ እንዳረፈ ያውቃል።

የሥራው ማዕከል ግን ዓይኗ ነው። በጥቁሩ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ይታያል። ዱረር በ1500 በሳለው የራሱ ምስል ዓይኖች ላይም ይኸው ነጸብራቅ አለ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊት ጻድቅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ዓይን ማዕረግ መሆኑን ለሚያውቅ ተመልካች የዱረር ውሳኔ ቀላል አይደለም። ለራሱ የሰጠውን ዓይን ለአንዲት የዱር እንስሳ አካፍሏታል።

የሥራው ዓላማም ከዚሁ ይነሳል። በሌሎች ሥራዎች ጥንቸል ምልክት ናት፤ በጥንት ግሪክ የሸክላ ሥዕሎች ላይ ጥንቸል ወንድ ለሚወደው ወንድ የሚያበረክታት የፍቅር ስጦታ ናት። ቲሲያን በ1530 ገደማ በሳለው ሥዕል ደግሞ ነጭ ጥንቸል በእመቤታችን እጅ ሥር ሆና የንጽሕና ተምሳሌት ትሆናለች። በሁለቱም ዘንድ የሰውን ስሜትና እምነት ተሸካሚ ናት። ዱረር ይህን ሸክም አውርዶላታል፤ ጥንቸል መሆኗ ብቻውን ለሥዕል ይበቃል ብሎ አምኗል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ሥራውን ትኩስ የሚያደርገው ይህ እምነት ነው።

ይሁን እንጂ ቅንብሩ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ጀርመኖች ሥዕሉን የሚጠሩበት ስም የመስክ ጥንቸል ማለት ሲሆን በሥዕሉ ላይ ግን መስክ የለም። ከጥላዋ፣ ከሰዓሊው ፊርማና ከዓመተ ምሕረቱ በስተቀር ከሥሯ ባዶ ወረቀት ነው። ይህ ባዶነት ዓይናችንን ወደ ጸጉሯ ለመሰብሰብ መጥቀሙን አልክድም። ነገር ግን የመስክ ጥንቸል ጉድጓድ አትምስም፤ ቤቷም ምሽጓም ሣሩ ነው። ግልገሎቿ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው የሚወለዱት ከላያቸው ጣሪያ ስለሌለ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኘው የእኛዋ ዝርያም የምትኖረው እንዲሁ በገላጣ መስክ ነው። መሬቷን የነሳት ሥዕል መልኳን በሙሉ ሰጥቶን ኑሮዋን አስቀርቶብናል።

ዱረር መሬቱን መሳል አቅቶት አይደለም። በዓመቱ፣ በ1503፣ አንዲት ቁራጭ መስክ ከነሣሯና ከነቅጠላ ቅጠሏ ስሏል፤ እዚያ ደግሞ እንስሳ የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስብ ፍርዴ ይጠናል፦ የ1502ቱ ሥራ በአስተውሎት አቻ የሚገኝለት አይመስለኝም፤ በሙላት ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በ1503ቱ ሣር ውስጥ አለ፤ እዚህ ደግሞ እኛ ልናያት ስንጠጋ በሚወዛወዘው ገብስ ውስጥ።