«ማሳወቅ» እንዴት «ማስፈቀድ» ሆነ?

ጎረቤቱን «እሑድ ልጄን እድራለሁ፤ ድንኳን በሬ ላይ ይተከላል» ብሎ የነገረ ሰው አሳወቀ እንጂ አላስፈቀደም። ጎረቤትም «ተፈቅዶልሃል» አይለውም። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ስንት ወንበር ይጎድልሃል?» ነው የሚለው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። አሳዋቂው ቆሞ ይናገራል፤ አስፈቃጁ ደጅ ይጠናል። በአዲስ አበባችን እነዚህ ቃላት ከተምታቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የተምታቱት ግን በሰዋስው ስሕተት አይደለም።

ግጥምና ልብ ወለድ ስንሔስ ኖረናል። ዛሬ ደግሞ እስቲ አንድ አዋጅ እናንብብ። በ1983 ዓ.ም. በወርኃ ነሐሴ የወጣው የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 3 ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት የሚደነግግ ነው። አጭር ነው፤ የቀረበ ቡና ሳይበርድ ተነብቦ ያልቃል። የሚለውም ይህንን ነው፤ አዘጋጁ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። በደብዳቤው ላይ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስምና አድራሻ ያሰፍራል። ከዚህም ሌላ ጸጥታ ለማስከበር ከመንግሥት የሚፈልገውን የእርዳታ ዓይነት ይገልጻል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ደግማችሁ እንድታስቧት እለምናለሁ። ሕጉ መንግሥትን በር ላይ የቆመ ዘበኛ አላደረገውም፤ ሥራ የሚታዘዝ አጋዥ አደረገው እንጂ! አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል የሚል ምክንያት ካለው በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። በየትኛውም ቦታ፣ በየትኛውም ጊዜ አይካሄድም ማለት ግን አይችልም። ድርሰት ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ገጸ ባሕርዩን በሚገባ ቀርጾታል እንል ነበር። ይህ ባለሥልጣን ይናገራል፣ ምክንያት ይሰጣል፣ ይፈርማል። ዝም የሚል ባለሥልጣን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

በሕይወት የምናውቀው ባለሥልጣን ግን ዋና ችሎታው ዝምታ ነው። «የለም» ካለ ቃሉ በጽሑፍ ይያዝበታል፤ «ይሁን» ካለ ኃላፊነቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ነገ ተመለሱ» ይላል። ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። ቀኑ ሲያልፍ የከለከለ ሰው የለም፤ የተካሄደ ዝግጅትም የለም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ድርሰት እንምጣ፤ አዘጋጆች ወደምንጽፈው ደብዳቤ ማለቴ ነው። ይህ ጽሑፍ የራሱ የሆነ ዘይቤ አለው። በሰላምታ ይጀምራል፤ ስለ ኪነ ጥበብ ለአገር ግንባታ ስላለው ፋይዳ አንድ አንቀጽ ያወርዳል፤ ከዚያም «የተለመደ ትብብራችሁ እንዳይለየን በትሕትና እንጠይቃለን» ብሎ ይሰግዳል። አንድም ጊዜ «እናሳውቃለን» አይልም። መብቱን ከማጣቱ በፊት በቋንቋው ያስረከበ ጽሑፍ ነው። ለዚህ አዘጋጁን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ቀና ብሎ ቢጽፍ ዶሴው ከሌሎች ዶሴዎች ሥር እንደሚገባ ያውቃል። ይሁንና ጎንበስ ያለው ደብዳቤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ቀና ያለው ደብዳቤ እንደ ድፍረት መቆጠሩ አይቀርም። ዘይቤ ሕግን ሲሽር ማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

የአዋጁ ጉድለትም መነገር አለበት። ርእሱ ሰልፍንና የፖለቲካ ስብሰባን ይጠራል። የግጥም ምሽት፣ የመጽሐፍ ምርቃት፣ የሙዚቃ ድግስ የት ይግቡ? ፖለቲካ ስላልሆኑ ነጻ ናቸው ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሕጉ ስማቸውን ስላልጠራ 48 ሰዓቱም፣ 12 ሰዓቱም፣ የጽሑፍ ምክንያቱም ቀረባቸው። ሰልፈኛው ቢያንስ የሚጠቅሰው አንቀጽ አለው፤ ባለቅኔው የለውም።

ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በሒልተን ሆቴል የሆነውን እናስታውስ። ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበሙን ሊያስመርቅ እንግዶች ጠርቶ ነበር። ፖሊስ ፈቃድ የላችሁም በሚል አስቆመው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በሐምሌ መጨረሻ ተነሥቷል፤ ቦታው የሆቴል አዳራሽ እንጂ አደባባይ አይደለም፤ አልበሙም ከወራት በፊት ወጥቶ በየታክሲው ሲዘፈን ከርሟል። ድምፃዊው በወቅቱ ያቀረበው መከራከሪያ ለምርቃት ፈቃድ መጠየቅ ለሠርግ ግብዣ ፈቃድ እንደመጠየቅ ነው የሚል ነበር። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ የታሰበው ኮንሰርትም ሳይካሄድ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። እንግዲህ ዘፈኑ ሳይመረመር ወጥቶ፣ የዘፈኑ ግብዣ ግን በር ላይ ተመረመረ ማለት ነው። ሳንሱር ከማተሚያ ቤት ሲባረር የአዳራሽ በር ላይ ሥራ አገኘ።

የሥራ ልምዱም ረጅም ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» አውሬዎችን እያናገረ ሹማምንትን በመንካቱ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እርሱም ታገደ፣ ቴአትርም አብሮት ተከለከለ። እገዳው የላላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ነው። ቴአትራችን ከመድረክ ጋር በተዋወቀ ማግሥት ከክልከላ ጋርም ተዋወቀ።

«ታዲያ ከተማ ያለ ደንብ ይኑር ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኮንሰርት ሜዳ አጠገብ የሚኖር በሽተኛ፣ ሕፃን፣ ሌሊት ሠርታ ጧት የምትተኛ ነርስ አሉ። የአገሪቱ የድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። አስተናጋጅን በጆሮው ካልጮኹበት የማይሰማበት ቤት ከዚህ ምን ያህል እንዳለፈ መሣሪያ ሳይያዝ ይታወቃል። ሕዝብ የበዛበት ቦታ መዘዝም ቀልድ አይደለም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተጠራው ሰልፍ ላይ የተወረወረው ቦምብ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በአንጻሩ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሮጥበት ታላቁ ሩጫ አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ፖሊስ ይሰማራል፣ ውኃ ይታደላል፣ ከተማው ከቀትር በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። አስተዳደርና አዘጋጅ ሲግባቡ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ያንን ይይ።

የእኔ ቅሬታ የፈቃድ ሥርዓታችን ጠያቂ መሆኑ አይደለም፤ የሚጠይቀውን መሳቱ ነው። እንበል፣ አሥር ወጣት ገጣምያን ወር በገባ ቁጥር ግጥም ሊያነቡ ተነሡ። የሚጠየቁት ምንድን ነው? ማን ያነባል? ስለ ምን? ማን ተጋብዟል? ከጀርባችሁ ማን አለ? የአዳራሹ መውጫ በር ስንት ነው፣ የእሳት ማጥፊያ አለ ወይ፣ ስንት ሰው ይይዛል፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ማን መስኮት ዞሯል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማይመለከተንን የሚጠይቅ፣ የሚመለከተንን የማይጠይቅ ደንብ ጎረቤትንም አይጠብቅም። ባለ ገንዘቡ ጉዳዩን የሚያስጨርስለት ሰው ቀጥሮ፣ የሠፈሩን እንቅልፍ እስከ ንጋት ያውክበታል። ባለ ማኅተም ነውና ማን ይነካዋል?

ገጣምያኑ ግን ጉዳይ አስጨራሽ የሚቀጥሩበት ገንዘብ የላቸውም። የአዳራሹ ባለቤት «ደብዳቤ አምጡ» ይላቸዋል። እርሱም አይፈረድበት፤ ንግድ ፈቃዱን ማደስ አለበት። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ሌላ ቢሮ ይመራቸዋል። ሦስተኛ ወር ላይ አሥሩ አራት ይሆናሉ። አራቱም ተስፋ ካልቆረጡ በአንዳቸው ቤት ሳሎን ይሰበሰባሉ። ሶፋው ወደ ጓሮ ይወጣል፣ አርባ ሰው ተጠጋግቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፣ ግጥሙም ይነበባል። የሳሎኑ በር አንድ ብቻ ነው።